ከቃለ ጉባኤው የጎደለው ሰው

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ አባቴ እናቴን ትቶ ከደጊቱ ጋር ሊሄድ ነው ብዬ አመንኩ። ማንም አልነገረኝም። ከዚህም ከዚያም የሰማሁትን ለቃቅሜ ራሴው ነኝ የደረስኩበት፤ ለዚህም ይሆናል ማንም ከጭንቅላቴ ሊያወጣው ያልቻለው።

በፈረንጅ ሰማንያ ሰባት ነው። ከአትላንታ ወጣ ብሎ ክላርክስተን፣ ቀይ የጡብ ሕንፃዎች ፊት ለፊት በተፋጠጡበት የአፓርትመንት ግቢ እንኖር ነበር። አባቴ ገብረሕይወት ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ሰው ቆሞ እጁን ቢዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ በሚነካባት የመስታወት ክፍል ተቀምጦ ትኬት ይሰጣል። እናቴ ብዙነሽ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። ከሥራ ሲመለሱ እሱ የመኪና ጭስ፣ እሷ በረኪና ይሸታሉ።

አገር ቤት ሳለ አባቴ የፓርላማ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበር። «ፓርላማ» ሲሉ የሚታየኝ ትልቅ ክፍል ነው፤ ሁሉም በመስመር ተቀምጦ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት። አሁን ሳስበው ብዙም አልተሳሳትኩም።

ስለ ፓርላማ የሚያወራው ግን አባቴ ሳይሆን ጋሼ ዘገዬ ነው። ጋሼ ዘገዬ በዚያ ዘመን የሕዝብ እንደራሴ ነበር፤ ከየጁ ተመርጦ የገባ። አትላንታ ላይ ታክሲ ይነዳል፣ የመረዳጃ ማኅበሩም ሊቀመንበር ነው። እኛን ወደ አሜሪካ ያስመጣውን ስፖንሰር ያገኘው፣ አፓርትመንቱን ያስያዘልን፣ አባቴንም ሥራ ያስገባው እሱ ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብጫ ታክሲውን የሁለት መኪና ቦታ አስይዞ ፓርክ ያደርግና እየሳቀ ይገባል። ለእኔ ማስቲካ አይረሳም። «ወይንዬ፣ የኔ ማር፣ ነይ እስኪ!» ይለኛል። ወይንሸት እባላለሁ።

ከዚያ ታሪኩን እንዲነግረን እለምነዋለሁ። ሁልጊዜ ያው አንድ ታሪክ ነው።

«ጥቅምት ሃያ ሦስት ነው» ብሎ ይጀምራል። «ጃንሆይ ፓርላማ የሚከፍቱበት ቀን። እኛ ጥቁር ካባችንን ደርበን፣ ዲፕሎማቱ በዚህ፣ ጳጳሳቱ በዚያ። ያኔ ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ ጦርነት ነው። ሰዉ ልጁን አዝሎ ባሮ ወንዝን እየተሻገረ ወደኛ ይገባል። ጃንሆይ ያነባሉ፣ ያነባሉ፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ሰላም ከሚለው ቦታ ደረሱ። እኔ ብድግ አልኩ!»

እዚህ ላይ ከሶፋው ብድግ ይላል።

«‹ጃንሆይ!› አልኩ። ‹ሰዎቹ ወንዙን ተሻግረው እኛ ቤት ናቸው። ምን እናብላቸው?› አዳራሹ ረጭ አለ። በዘውድ ንግግር መሀል አፍ የከፈተ ሰው ታይቶም አይታወቅ!»

እኔ አጨበጭባለሁ። አባቴ ግን ታሪኩ ባሮ ወንዝ ሲደርስ ተነስቶ ወጥ ቤት ይገባል። ብርጭቆ ያጥባል፤ የታጠበውን ብርጭቆ ደግሞ ያጥባል። ቅናት መሰለኝ። ጋሼ ዘገዬ ለንጉሥ የተናገረ ሰው ነው፤ አባቴ እዚያው አዳራሽ ተቀምጦ የሌላ ሰው ንግግር የሚጽፍ። በአባቴ አፍር ነበር። ይህንን ዛሬም ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

በዚያ ዓመት በጋ ላይ ደጊቱ ወደ ግቢያችን መጣች። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ነርስ ረዳት ሆና ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ዶራቪል ወዳለች የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ከፊት ለፊታችን ካለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የገባችው። እናቴ ለብቻዋ መሆኗ አሳዝኗት አንድ ቅዳሜ ምሳ ጠራቻት።

እየበላን አባቴ «ከየት አገር ነሽ?» አላት፣ ለወግ ያህል።

«ከደምቢ ዶሎ።»

«የአባትሽ ስም ማነው?»

«ቶሎሳ። ለአንድ ዘመን እንደራሴ ነበሩ እንኳ፣ አዲስ አበባ።» ትንሽ ሳቅ አለች፤ አፏን ግን አልሸፈነችም። «አገራችን ግን ሌላ ስም ነው ያላቸው።»

አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። አያት። ፊቷን፣ ግንባሯን፣ እጇን አያት። በጣም ረጅም ጊዜ ነው ያያት። እናቴ እሱን ስታየው አየሁ። በዚያን ዕለት ማታ እናቴ ሳህን ስታጥብ አንዱን ሰበረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለችውን ሻንጣ አውርዶ ከልብስ ሥር አንድ ቡናማ ደብተር አወጣ። ሥራ በሌለው ሰዓት መኝታ ቤት ገብቶ ያያታል። አንድ ቀን ሲወጣ ገባሁና ከፈትኳት። አማርኛ አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይደለም። ከዳር እስከ ዳር ጭረት፣ ቅንጥብጣቢ፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ መስመር። ክፍሌ ውስጥ ያሉ ልጆች የፍቅር ደብዳቤ በምስጢር ጽሕፈት እንደሚላላኩ አውቃለሁ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

አጭር ጽሕፈት ነበር። ሰው በሚናገርበት ፍጥነት የሚጻፍ፣ አባቴ በልጅነቱ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተማረው። በፓርላማ ቀን አዳራሹ ውስጥ የተሰማውን ሁሉ በዚያ ይይዝና በኋላ በታይፕ ይገለብጠዋል። ይህን ያወቅኩት ደብተሯ ከጠፋች በኋላ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጧት ካርቱን እያየሁ ነው። ወጥ ቤት አባቴና እናቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጨቃጨቃሉ። እኔም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ አደረግኩ።

«ልነግራት ነው» አለ አባቴ።

«ምን ልታገኝ?»

«ምንም። ግን ማወቅ አለባት። ሃያ ሦስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፣ ብዙዬ።»

«ከተሸከምከው ተሸክመኸው ኑራ! አሁን ብትነግራት ቤታችን ነው የሚፈርሰው። እዚህ አገር በማን እንደቆምን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ተወዋ!»

እናቴ አለቀሰች። ድስት ላይ ክዳን ሲያርፍ ሰማሁ። ስለ ጋሼ ዘገዬ እያወሩ እንደሆነ፣ እሱን ማስቀየም ማለት አባቴ ሥራውን እኛም ያሉንን ጥቂት ወዳጆች ማጣት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? እኔ የሰማሁት «ልነግራት ነው»ን እና «ቤታችን ይፈርሳል»ን ነው። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ደጊቱ የጡት ጥርሷ ያልረገፈ ልጅ እንደነበረች ለማስላት ሒሳቤ አልደረሰም፤ ወይም ማስላት አልፈለግኩም።

ተከታተልኩት። ሰኞ ደብተሯን በብብቱ ይዞ የደጊቱን ደረጃ ወጣ። በሩ ላይ ቆመ። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ፤ ሳያንኳኳ ወረደ። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ሊወርድ ሲል ደጊቱ ነጭ የሥራ ልብሷን ለብሳ ራሷ በሩን ከፈተች።

«ጋሼ ገብረሕይወት! በሰላም ነው?»

አባቴ ደነገጠ። «ብዙነሽ... ጨው ብትሰጪን ብላ ነው።»

በሲኒ ጨው ይዞ ተመለሰ። ቤታችን ውስጥ ያልተከፈተ ሁለት እሽግ ጨው ነበር። ሄጄ አየሁት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል?

ሐሙስ የቆሻሻ መኪና የሚመጣበት ቀን ነው። ከትምህርት ቤት አውቶብስ በፊት ደብተሯን ከሻንጣው አውጥቼ ሹራቤ ውስጥ ከተትኩ። የቆሻሻ ገንዳው ከኔ ቁመት ይበልጣል፤ የወተት ሣጥን ላይ ቆሜ ወረወርኳት። ከዛፍ ሥር ሆኜ ጠበቅኩ። መኪናው መጣ፣ ሁለት የብረት ክንዱን ገንዳው ጎን ሰክቶ ወደ ላይ አነሳው፣ ገለበጠው፣ ጨመቀው። ጎምዛዛ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ መጣ። እናቴን አዳንኳት ብዬ እየዘለልኩ ወደ አውቶብሱ ሮጥኩ።

ዓርብ አባቴ ቤቱን ገለባበጠው። ፍራሽ አነሳ። ፍሪጅ ከግድግዳ አላቀቀ። እናቴን «አንቺ ነሽ!» አላት። እናቴ በልጄ ይሁንብኝ ብላ ማለች። ከዚያ እኔ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ወይኒ፣ ቡናማ ደብተር አይተሻል?»

«ኖ» አልኩት። በአማርኛ ብዋሽ የሚያውቅብኝ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ማኅበሩ ከአንድ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን በተከራየው ምድር ቤት ስብሰባ ነበር። ጥቅምት ሃያ ሦስት ሰሞን ስለሆነ ያለፈው ዘመን ይታሰባል ተባለ። ሰባ ሰው ይሆናል። የብረት ወንበር፣ የብርድ ሽታ፣ በወረቀት ሳህን ዳቦና ቀይ ወጥ። ደጊቱ ሺፍት ገብታ አልመጣችም። ጋሼ ዘገዬ ማይክሮፎኑን ይዞ ታሪኩን ጀመረ። ባሮ ወንዝ ደረሰ። «ብድግ አልኩ!» አለ።

አባቴም ብድግ አለ።

«አልተነሱም፣ አቶ ዘገዬ» አለ። «የተነሳው ቶሎሳ ነው። ከደምቢ ዶሎ፣ ከቄለም የተመረጠው ቶሎሳ። እርስዎ ከኋላው ተቀምጠው ነበር።»

ሳቅ ያለ፣ የተቆጣ፣ «ምን ሆነ ሰውዬው?» ያለ ነበር። ጋሼ ዘገዬ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ገብሬ፣ ደክሞሃል መሰለኝ። ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። እርስዎ የተመረጡት ከየጁ ነው። የሱዳን ስደተኛ የጁ ምን ሊሠራ ይመጣል? ‹እኛ ቤት ናቸው› የሚለው የጁ ቤት ነው?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አባቴ ያሸነፈ መሰለኝ፤ እንዲያሸንፍ አልፈለግኩም።

«‹እኛ› ስል» አለ ጋሼ ዘገዬ ደረቱን እየነካ፣ «ኢትዮጵያን ነው!»

ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። ጭብጨባው እስኪያልቅ አባቴ ቆሞ ጠበቀ። ጋሼ ዘገዬ እጁን አነሳ፣ ፀጥ አሉለት።

«ይኸውላችሁ፣ ቃለ ጉባኤውን የጻፈው ራሱ ገብሬ ነው። የቶሎሳ ስም አለበት ወይ በሉት።»

«የለበትም» አለ አባቴ።

«ለምን?»

«እኔ ስላላስገባሁት።»

«ማን አታስገባ አለህ?»

«ማንም።»

ከፊታችን የተቀመጠች ሴት «ውይ!» ብላ አፏን ያዘች። አባቴ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ፤ ደብተሯ እንደሌለች ያውቃል፣ እጁ ግን ሄደ። ባዶውን አወጣው።

«ሰማችሁ?» አለ ጋሼ ዘገዬ፣ እንዳዘነ ሰው። «የሰማውን የደበቀ ሰው ነው ዛሬ ምስክር የሆነው።»

እናቴ ተነሳች፣ ኮቱን ከወንበር ላይ አንስታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት፣ «እንሂድ» አለችው። ስንወጣ ሰዎች እግራቸውን ሰበሰቡልን። ሲያከብሩን መስሎኝ ነበር።

እናቴ መኪናውን ልታሞቅ ሄደች። ጋሼ ዘገዬ በጓሮ በር ወጥቶ ተከተለን። ማስቲካ ይሰጠኛል ብዬ እጄን አዘጋጀሁ። አላየኝም።

«ገብሬ» አለ። «ልነሳ'ኮ ነበር። እውነቴን ነው። እሱ ከመነሳቱ በፊት እኔ ልነሳ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ።»

«አውቃለሁ» አለው አባቴ። «አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ይህንኑ እዚያ ውስጥ ይበሉት።»

ጋሼ ዘገዬ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ውስጥ ክራር ተጀምሯል። «እሱንስ አልችልም» አለና ገባ።

የእግር በሽታ አለበት ብዬ ለብዙ ጊዜ አዝኜለት ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ኮንየርስ ከተማ ውስጥ ልጁ ቤት አርፎ ስንቀብረው፣ የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ሰው በዘውድ ንግግር መሀል ስለ ስደተኞች በድፍረት መናገሩን አነበበ። ልነሳ ስል አባቴ በሰማንያ ዓመት እጁ ክንዴን ጨምቆ አስቀመጠኝ። «የሞተ ሰው ምን ይመልስልሻል?» አለኝ። ተናድጄ ነው የተመለስኩት። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ።

ከስብሰባው በማግስቱ፣ እሑድ፣ አባቴ የደጊቱን በር አንኳኳ። እናቴ እኔን አብራ ላከችኝ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬ ሳስበው፣ ልጅ ፊት ሰው ብዙ አይቆጣም ብላ ይሆናል። እኔ ደግሞ ለሰላይነት ተመቸኝ ብዬ ሄድኩ። ደጊቱ ሻይ አቀረበች። አባቴ አልነካውም። መሬት መሬት እያየ ሁሉንም ነገራት።

«ሃያ አራት ዓመቴ ነበር» አላት። «የጃንሆይ ንግግር በጽሑፍ አለ፤ የእኔ ሥራ ከጽሑፉ ውጭ የተሰማውን መያዝ ነው። አባትሽ ሲናገሩ ያዝኩት። ከዚያ ከአዳራሹ እስከ ታይፕ ክፍሉ ያለውን ኮሪደር ስሄድ ፈራሁ። ይህን ብጽፍ ምን ይመጣብኝ ይሆን አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ማንም አትጻፍ አላለኝም። ሳልጽፈው ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ አባትሽ ምን እንደደረሰባቸው አላውቅም።»

ደጊቱ ሲኒዋን ከፊቷ ገፋችው። ማሞቂያው ይንኳኳል።

«እኔ ልንገርህ» አለች። ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የምትለው፤ ያን ቀን «አንተ» አለችው። «አባቴ አገር ገብቶ ለአገሩ ሰዎች ‹ተናግሬያለሁ› አላቸው። ስደተኛውን በየቤታቸው ያስጠጉት እነሱ ናቸው፤ እህላቸው እያለቀ ነው። ‹ጠይቄላችኋለሁ› አላቸው። አስተማሪው ታትሞ የመጣውን ቃለ ጉባኤ አገላብጦ አነበበላቸው። የለም። ‹ውሸታሙ ቶሎሳ› አሉት። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ‹የውሸታሙ ልጅ› ነኝ። እናቴ እስክትሞት አላመነችውም። ስሚኝ ብሎ ለመናት፣ አላመነችውም! እሱ ሲሞት የት ነበርክ?»

«ንግድ ሚኒስቴር ተዛውሬ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ደብተሩስ? የጻፍክበት?»

«ጠፋኝ። ዓርብ ዕለት። የት እንደገባ አላውቅም።»

ሳቀች፣ ክፉ ሳቅ። «ሃያ ሦስት ዓመት አስቀምጠህ ዓርብ ዕለት ጠፋህ።»

እኔ የሻዩን ሲኒ እንደያዝኩ ነኝ። እጄ ላይ ፈሰሰ። አቃጠለኝ፤ አልጮህኩም። ፍቅር የሚባል ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ እንዳልነበረ፣ ደብተሯም ምን እንደነበረች ያኔ ገባኝ። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አፌን ከፍቼ ነበር። ደጊቱ «ውጣልኝ» አለችው፣ ወጣን። ደረጃው ላይ አባቴ ብረቱን ይዞ ተቀመጠ። እኔም አልነገርኩትም።

የነገርኩት ሠላሳ አንድ ዓመቴ ላይ ነው። አገጩን እያሻሸ ትንሽ ካሰበ በኋላ «ያን ደብተር ከእኔ በቀር ማን ያነበው ነበር?» አለኝ። «ዞሮ ዞሮ እመኑኝ ማለቴ አይቀርም።» እንዲህ ያለው እኔን ለማሳረፍ ይሁን ወይም እውነት ስለሆነ እስካሁን አላውቅም።

ያ ክረምት ከፋብን። እሑድ የሚመጣ ታክሲ የለም። አባቴን ከሥራ ማንም አላባረረውም፤ ግን እዚያ የሚሠሩት አበሾች ሰላምታ ነሱት። ምሳውን ብቻውን በመስታወት ክፍሉ ውስጥ ይበላል። እናቴ «እኔ አላልኩም?» አላለችም፤ ባለች ይሻለን ነበር። ደጊቱ በግቢው ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። አባቴ ግን ከሥራ ሲመለስ ሁልጊዜ ቀና ብሎ መስኮቷን ያያል። እናደድ ነበር። ሁሉንም ነገር ነግሮ ሁሉንም ነገር አጥቶ፣ አሁን ደግሞ ምን ይፈልጋል?

ከፈረንጅ ገና በፊት ባለው ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። ደጊቱ ናት። አልገባችም።

«ነገ ኦፍ ነኝ» አለች። «ቤተ ክርስቲያናችን የደምቢ ዶሎ ሰዎች አሉ። አቶ ኃይሉም አሉ፤ የአባቴ ጎረቤት የነበሩ። እዚያ መጥተው ይናገሩ።» «እርስዎ»ው ተመልሷል፤ ፊቷ ግን አልተመለሰም።

«ማስረጃ የለኝም» አላት አባቴ።

«እሱን ሰምቻለሁ።»

አባቴ ጴንጤ ቤት ገብቶ አያውቅም። እናቴ በሹክሹክታ «በስመ አብ» ብላ አማተበችና እሷም ነጠላዋን ለበሰች። ቤተ ክርስቲያኗ ዶራቪል፣ ከኮሪያውያን ግሮሰሪ ጎን ያለች አንዲት ሱቅ ናት፤ መስኮቷ ላይ የወረቀት መስቀል ተለጥፏል። ሰባ ሰው የሚሰማው መስሎኝ ነበር። ከእኛ ጋር አሥራ አራት ብንሆን ነው። እኔና እናቴ ከበሩ አጠገብ የኋላው መስመር ላይ ተቀመጥን።

መዝሙሩ ሲያበቃ ፓስተሩ አባቴን ጠራው። ወጣ። ወረቀት አልያዘም። ለደጊቱ የነገራትን በሙሉ ነገራቸው፤ የፈራሁት እኔ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም አላቸው። አንድ ወጣት እየተከተለ በኦሮምኛ ይተረጉማል። ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልተሳደበም። ይኸው ነው በቃ፣ በከንቱ መጣን አልኩ በልቤ።

ከፊት መስመር አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ተነሱ። አቶ ኃይሉ ናቸው። በዝግታ በአማርኛ ጠየቁት።

«በምን ቋንቋ ነው የተናገረው?»

አባቴ አላመነታም። «መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ጀመረ» አለ። «ትንሽ ቃል ነው። ከዚያ ቆም ብሎ ወደ አማርኛ መለሰው። የመጀመሪያውን አልጻፍኩትም። ኦሮምኛ አላውቅም፣ እንዴት እንደሚያዝም አላወቅኩም።»

ይህን ጋሼ ዘገዬ አንድም ቀን ተናግሮት አያውቅም። እኔም እናቴም ገና መስማታችን ነው።

አቶ ኃይሉ ምርኩዛቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉት። «ለእኛም እንዲሁ ብሎን ነበር» አሉ። «‹ንጉሡ ፊት፣ ፓርላማ ውስጥ፣ በቋንቋችን ጀመርኩት› አለን። እዚያ ላይ ነው የሳቅንበት። ሌላውን እናምነው ይሆናል፤ ይህን ሲለን ግን ይህ ሰው ለይቶለት ዋሸ አልን። ቀድሜ የሳቅኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አልኩ አላችሁ?» አለች ደጊቱ። ቆማለች። «በቋንቋችን ያለው ምን ነበር?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በኦሮምኛ አሉት፤ አጭር ነው፣ ‹መነ ኬኛ› የሚል፣ ‹ቤታችን› ማለት የሆነ ቃል አለበት።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ሳይናገር ተንቀሳቀሰ። «እሱ ነው» አለ። «አዎ። ይኸው ነው።»

ክፍሉ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ነበር፤ ደጊቱ ግን አላለቀሰችም፣ አልተቀመጠችምም። ወደ አቶ ኃይሉ ዞራ «ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለቻቸው። «እንደገና ይበሉት።»

ከኋላ ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን፤ ሰምተናል። አቶ ኃይሉ ግን ዞር ብለው አዩን፣ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው እንደገና አሉት።